ታሪፍ ብቻውን አውቶቡስ አይገዛም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ ተራ አስከባሪዎች፣ ከከተማ አስተዳደሩ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አደራችሁ! ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከመርዓዊ በሌሊት ተነሥታችሁ ባሕር ዳር የገባችሁ የሙያ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ስለ ስምሪትና ስለ ቅጣት ዛሬ ከኔ ብዙ አትሰሙም። እሱ በሪፖርቱ ይመጣል፤ መጨቃጨቁም አይቀርም። እኔ የማወራው ስለ ገንዘብ ነው። ተሳፋሪ ደህና አውቶቡስ ይፈልጋል። መጠለያ ያለው ፌርማታ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ሰው የምንጭንበትና የምናወርድበት የተለየ ቦታ እንፈልጋለን። ሁሉም ይሻሻል ይላል። ብሩ ከየት ይምጣ ሲባል ግን ዓይን ሁሉ ተሳፋሪው ኪስ ላይ ያርፋል። የኛም ዓይን ጭምር።

እስቲ ታሪፉ የት እንደሚገባ እንየው። ማታ ረዳቱ የተጨማደደውን ብር ጭኑ ላይ እያቃና ሲቆጥር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የነዳጁ ይነሣል። ቀጥሎ የባለንብረቱ ገቢ። የተረፈው ለሹፌርና ለረዳት ነው። ባለንብረቱም ያቺን ገቢ ይዞ ጎማ ይገዛል፣ ዘይት ይቀይራል፣ የፍሬን ሸራ ያስቀይራል። ታዲያ ከዚህ ላይ ለፌርማታ ጣሪያ የሚሆን ሳንቲም ማን ያገኛል? ታሪፉን እጥፍ እናድርገው የሚልም አለ። እጥፍ ስናደርገው የፔዳ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ተማሪ በእግሩ ይነካዋል። ገበያ የምትወርደው እናትም ሸክሟን ራሷ ትሸከማለች። ወንበሩ ባዶ ይሄዳል፣ ነዳጁ ግን ያው ነው።

መንግሥት ይበደርና ይሥራ የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ሳላነሣ አላልፍም። በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ያልተደሰተ አልነበረም። ወደ 34 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐዲድ፣ 41 ባቡር። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው። ትኬቱስ? ሲጀምር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ባቡሩ ስንቱን ሠራተኛ ከሥራው አድርሷል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ግን ብድሩ በዶላር ነው፣ ገቢው በብር። መለዋወጫ ሲጠፋ፣ የውጭ ምንዛሬ ሲያጥር፣ ከዓመታት በኋላ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባቡር ቆመ። መኪና በብድር ገዝቶ ለስፔር ሳንቲም ያላስቀረ ሰው በመካከላችን ካለ ይሄ በደንብ ይገባዋል። እንግዲህ ነገ ለከተማችን አውቶቡስ ይገዛ ሲባል፣ ከዋጋው እኩል መጠየቅ ያለብን መለዋወጫው የት እንደሚገኝና በምን ብር እንደሚገዛ ነው።

የነዳጅ ድጎማውንም አንርሳ። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ለሕዝብ ማመላለሻ ተለይቶ በቴሌብር ሲሰጥ ጠቅሞናል፤ ባይኖር ኖሮ ብዙዎቻችን መኪና እንሸጥ ነበር። ቢሆንም እሱ ተቃጥሎ የሚያልቅ ብር ነው። በዚያ ብር የቆመ አንድ ፌርማታ የለም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የኛ ነገር እንደዚያ ነው። ደህና መንገድና ደህና አውቶቡስ የሚጠቅመው ተሳፋሪውን ብቻ አይደለም። እዚሁ ከተማችን በግንቦት 2016 የተመረቀውን የአባይ ድልድይ አስቡት። 380 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ብስክሌትና እግረኛ ሳይቀር የራሱ መሥመር ያለው ድልድይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ ደላላው ከሁሉ ቀድሞ ያውቃል። ቦታውን ሲያሻሽጥ "ከድልድዩ ትንሽ አለፍ ብሎ" ነው የሚለው። ባለቦታው ምንም ሳይሠራ ቦታው ዋጋ ያወጣል። ሆንግ ኮንግ ይሄን ጭማሪ ለደላላ አልተወውም። ለባቡር ድርጅቱ በጣቢያዎቹ ላይና አጠገብ የማልማት መብት ይሰጠዋል፤ ድርጅቱ ከአልሚዎች ጋር ሕንፃ ይሠራል፣ ከትርፉም ሐዲድ ያስፋፋል። እኛ ጋ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የከተማ ቦታ የሚሰጠው በሊዝ ነው። በ2017 ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። መሣሪያው አለ ማለት ነው። አውቶቡስ ከሚያልፍበት ጎዳና ዳር ከሚሰበሰበው ሊዝና ታክስ ላይ የተወሰነው ለዚያው ጎዳና ትራንስፖርት ይመደብ ብለን ብንጠይቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሁለተኛው የገንዘብ ምንጭ የግል መኪና ነው። ባለ ሱቁ መኪናውን ጠዋት ዋናው መንገድ ላይ ያቆምና ማታ ነው የሚያነሣው። እኛ ደግሞ ሰው ለማውረድ አንድ ደቂቃ ስንቆም ፊሽካ ይነፋብናል። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ መሀል ከተማ በቀን የሚገባን መኪና 5 ፓውንድ ማስከፈል ጀመረች። ትርፉም ለትራንስፖርት ብቻ እንዲውል በሕግ ታሰረ። እኔ ከክፍያው ይልቅ የወደድኩት ቅደም ተከተሉን ነው፤ ክፍያው ሲጀመር ተጨማሪ አውቶቡስ መንገድ ላይ ነበር። ባሕር ዳር ለንደን አይደለችም፣ መግቢያ ላይ ካሜራ እንስቀል አልልም። በሰዓት የሚከፈል የመኪና ማቆሚያ ግን ከአቅማችን በላይ አይደለም። (የአዳራሹን በር ዘግታችሁ መኪና ያቆማችሁ፣ በእናታችሁ አንሡልን፤ ለጊዜው በነፃ ነው።)

ፓሪስ ደግሞ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀጣሪዎችን በደመወዝ ልክ ለትራንስፖርት ታስከፍላለች። ሠራተኛው በሰዓቱ ሲገባ የሚጠቀመው ቀጣሪውም ነው በሚል። ለኛ ከተማ ገና ይመስለኛል፤ ብዙው ሰው በደመወዝ አይተዳደርም።

ነዳጅ ላይ ትንሽ ይጨመር የሚለውን ግን አልደግፍም። ከነዳጅ የሚሰበሰብ ብር ቀድሞም አለ፤ በ1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ለመንገድ ጥገና ነው የሚያውለው። ጭማሪው ዞሮ ዞሮ እኛው ታንከር ውስጥ ነው የሚገባው፤ ከኛም ወደ ተሳፋሪው።

አሁን ወደ ራሳችን። ኮቴ እንከፍላለን፣ የተራ እንከፍላለን፣ መዋጮ እናዋጣለን። የሌላውን ሒሳብ ከመጠየቃችን በፊት የኛን እንግለጠው። ሥራ አስፈጻሚው ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው፤ ከተራው ገቢ አንድ ድርሻ ለፌርማታ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ገቢና ወጪው በየወሩ ተራው ቦታ ላይ ይለጠፍ። የመጀመሪያው ጣሪያ የት ይቁም የሚለውን እናንተ ትወስናላችሁ። የኔን ካላችሁኝ ፔዳ በር ላይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ተማሪው ዝናቡን ሸሽቶ ሱቅ በረንዳ ላይ ይቆማል፣ መኪና ሲመጣ ተግተልትሎ ይወጣል፣ እኛም መሀል አስፋልት ላይ እንጭናለን። የአባይ ማዶ ሰዎች እንደምትቃወሙኝ አውቃለሁ። ለከተማ አስተዳደሩ የምናስገባውም ደብዳቤ ተረቅቋል፤ የማቆሚያው ገቢ ለብቻው እንዲያዝና አጠቃቀሙ ላይ እኛም እንድንጠየቅ ይላል። ረቂቁ ከአጀንዳው ጋር ታድሏችኋል፤ ያልደረሰው እጁን ያውጣ።

ከሻይ በፊት ሒሳብ ሹማችን የዓመቱን ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ከሻይ በኋላ በሁለቱ ሐሳቦች ላይ ተወያይተን ድምፅ እንሰጣለን። ጉባኤው ተከፍቷል።