ፎቶ ያልተሰቀለበት ምስማር

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ ካሜራ ገዝታችሁ ከቤተሰብ ጋር የተኳረፋችሁ ወጣቶችም፣ ወደ ፎቶ ዐውደ ርዕያችን እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስትገቡ በስተግራ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ባዶ ቦታ አይታችሁ ይሆናል። ምስማሩ አለ፤ ፎቶው የለም። ረስተነው አይደለም። የእሜት ጎጎ ቦታ ነው።

እሜት ጎጎ በሰሜን ተራሮች፣ ወደ 3900 ሜትር ከፍታ ላይ፣ እንደ ምላስ ወደ ገደሉ ወጣ ብሎ የተቀመጠ አፋፍ ነው። ሦስት ጊዜ ወጥቼበታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ያሰብኩትን ፎቶ ሳላነሳ ወርጃለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት በነሐሴ ነበር። በነሐሴ ሰሜን ተራራ የሚወጣ ሰው የለም፤ የእኔ የዓመት ፈቃድ ግን የተገኘው ያኔ ነው። ዝናቡ ከደባርቅ ተቀበለንና አልለቀቀንም። ሦስት ቀን ሙሉ ያየሁት ነገር ቢኖር የራሴን ጫማና ከፊቴ የምትሄደውን በቅሎ ጭራ ነው። በሦስተኛው ቀን ተናድጄ ካሜራዬን ሳስገባ፣ አብረውን የነበሩት ሽማግሌ ስካውት (የፓርኩ ታጣቂ አጃቢ) ጠመንጃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ቆመው «ልጄ፣ ከጉሙ ጋር ምን አጣላህ? እሱም እኮ የዚሁ አገር ነው» አሉኝ። ሳቅሁ። ዞር ስል አንዲት ጅብራ፣ ያቺ ረጅም የውርጭ አገር ተክል፣ ጉሙ ውስጥ ብቻዋን ቆማለች። ከኋላዋ ገደል ይሁን ሜዳ አይለይም። ያ ጥጉ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ፎቶ እሷ ናት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዛሬ እዚህ ከተሰቀሉት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ማንም «አየሩ ተበላሽቷል» በሚልበት ቀን የተነሳ።

ሁለተኛው ጉዞ በጥር ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሌሊቱ ውርጭ። ብርድ የባትሪ ጠላት መሆኑን የተማርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ማታ የሞላሁት ባትሪ ድንኳን ውስጥ አድሮ ጠዋት ባዶውን ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ባትሪዎቼን በካልሲ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አስተኛቸዋለሁ። (ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ያለችውን እዚህ አልደግመውም።) ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ብቅ ሲሉ አገኘኋቸው፤ ደስ አለኝ። የእሜት ጎጎው እይታ ግን አልሆነም። በበጋ አቧራውና የማሳ ጢሱ ከቆላው ተነስቶ ርቀቱን ሁሉ ያደበዝዘዋል። ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ደግሞ ወተት የተደፋበት ይመስላል።

እዚህ ላይ ስለ ብርሃን ትንሽ ልበል፤ ለጀማሪዎች ነው፣ አንጋፋዎቹ ይታገሱኝ። እኛ ያለነው ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። ፀሐይ እንደ ሰሜን አውሮፓ ወደ ጎን እየተንሸራተተች ሳይሆን ሽቅብ ነው የምትወጣው። ለስላሳው የንጋት ብርሃን ቶሎ ያልቃል፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጥላው መጠቆር ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይማ በዓመት ሁለቴ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላችሁ እግራችሁ ስር ይገባል። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት ያስፈልጋል። በጀርመንኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ ይዞ ወጥቶ ብርሃኑ የት ሄደ የሚል ብዙ ልጅ አይቻለሁ።

ጢስ ዓባይን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ በአሮጌው አንድ ብር ጀርባ ላይ። ያቺን ብር አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከትቼ በሚያዝያ ሄድኩ። ብሩ ላይ ያለው ፏፏቴ የለም! በጋ ነው፣ ውሃውም ከላይ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ይጠለፋል፤ የቀረው ጥቁር ቋጥኝና ጥቂት ነጭ ክር ነው። ብሩን አውጥቼ ከፊቴ ካለው ጋር ሳስተያይ ያየኝ ልጅ «ጋሼ፣ መስከረም ላይ ይምጡ» አለኝ፣ አዝኖልኝ። መጣሁ። በመስከረም ችግሩ ሌላ ነው፤ ሌንሱን ጠርጌ ሳልጨርስ ጢሱ መልሶ ያረጥበዋል። ሦስት መጥረጊያ ጨርቅ ጨርሼ በመጨረሻ በፎጣ ሆነ። ቀስተ ደመናውን የምትፈልጉ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

አፋር ግን ወቅቱን ለሳተ ሰው ምሕረት የለውም። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ካልሆነ አትሞክሩት። በአሳሌ ሐይቅ ዳር ስስ ውሃ ጨው ላይ ሲተኛ ሰማይና ምድር አይለዩም፤ ያንን ፎቶ ሁሉም ሰው ያነሳዋል፤ እኔም አንስቻለሁ። ጨዋማው ውሃ የትራይፖዴ እግር ውስጥ ገብቶ በማግሥቱ አልከፈት አለኝ፣ በንጹህ ውሃ ሳላጥበው በማደሬ። ስለ እሱ ግን አላዝንም። የማፍርበት ሌላ ነገር ነው። ጨው ቆራጮቹ በጠራራ ፀሐይ ጎንበስ ብለው አሞሌውን ሲጠርቡ ሳልጠይቅ ማንሳት ጀመርኩ። አንዱ ቀና ብሎ የሆነ ነገር ተናገረ፤ አስጎብኚዬ ተረጎመልኝ፦ «ጨው አትቆርጥ፣ ግመል አትጭን፣ ታዲያ ምን ሥራ አለህ?» ይላል። መልስ አልነበረኝም። ካሜራውን አስቀምጬ ውሃዬን አቀረብኩና አብረን ጠጣን። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ግመሎቹ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት እንደሚያልፉ አሳየኝ። የግመሎቹ ሰልፍ ፎቶ የእሱ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ አደይ አበባ ምነው ዝም አልክ የምትሉ አላችሁ። አደይን እወዳለሁ። ነገር ግን በመስከረም ማንም ያምርለታል፤ በዚያ ላይ አረንጓዴውን በኮምፒውተር ገፍተን ገፍተን ጎመን አስመስለነዋል። ይልቅ በታኅሣሥና በጥር ምንጃር ውረዱ። የጤፍ ውቂያ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ በሬዎቹ ሲያበራዩ፣ ገበሬው በላይዳ ወደ ነፋሱ ሲያዘራ፣ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይዛችሁ ቁሙ። ገለባው ወርቅ ሆኖ ይበተናል። ካሜራችሁን በፕላስቲክ ሸፍኑ፤ እናንተ ግን ማስነጠሳችሁ አይቀርም።

ወደ ምስማሩ ልመለስ። ሦስተኛው ጊዜ ጥቅምት ነበር። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፤ ጉሙ ቆላው ላይ ተኝቷል፤ ተራሮቹ ከላይ እንደ ደሴት ብቅ ብለዋል። ያው ሽማግሌ ስካውት አብረውኝ ናቸው። ትራይፖዱን ተከልኩ፣ ተጫንኩ፤ ሜሞሪ ካርዱ ሞልቷል! መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነሳ ነበር የመጣሁት። አቀርቅሬ አንድ በአንድ መሰረዝ ጀመርኩ። «ልጄ፣ ቀና በል» አሉኝ። «አንድ ጊዜ አባባ፣ መጣሁ» አልኩ። ቀና ስል ጉሙ ተነስቶ እኛንም ውጦናል።

ስንመለስ እስከ ሳንቃበር ካምፕ ድረስ ያመለጠኝን ሲተርኩልኝ ወረዱ። የቱ ጫፍ ቀድሞ እንደቀላ፣ ብርሃኑ በየት እንደገባ፣ አሞራው በየት እንደዞረ፤ አንድ አላስቀሩም።

ዛሬ ወደፈለግንበት ሁሉ ተነስተን መሄድ እንደማይቻል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ በአንድ ጥቅምት፣ ባዶ ካርድ ይዤ እሄዳለሁ። እስከዚያው ምስማሩን አትንቀሉብኝ ብዬ የአዳራሹን ኃላፊዎች ለምኛለሁ።

አመሰግናለሁ። ሻይና ዳቦው በስተቀኝ በኩል ነው።