ሰደፉ ነው ወይስ አባዬ?

ሰላም ሰላም። ማይኬ ዛሬም ፎጣ ለብሳለች፣ አትሳቁ። ከኋላ የምትሰሙት የጎረቤት መጋዝ ነው። ፈረንጅ አራዳ ላይ እሑድ የሚባል ነገር ቀርቷል።

እና... አባዬ። ካናገረኝ አራት ቀኑ። አኩርፎ አይደለም። እኔ እንጃ፣ አኩርፎም ሊሆን ይችላል።

"እኔ ኢላማውን አይደለም፣ ተራራውን የሳትኩ ወታደር" እያለ እንዴት እንደሚያስቀን ታውቃላችሁ። ሐሙስ ሱቅ መጣ። እኔ ደግሞ የሰሞኑ ወሬዬ ይዞኛል። እንግሊዞች የሊ ኤንፊልድ ጠመንጃቸውን ሰደፍ፣ ትከሻ ላይ የሚደገፈውን እንጨት፣ በልክ ነበር የሚሠሩት። ረጅም፣ መደበኛ፣ አጭር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ከአጭርም ያጠረ ጨመሩ፣ "ባንታም" የሚሉት። በየደረጃው ልዩነቱ ግማሽ ኢንች ነው። ሰደፉ ለብቻው በረጅም ብሎን ስለሚታሰር ይቀየራል። እንደ ጫማ ቁጥር በሉት!

የአባዬ ኤም ዋን ጠመንጃ ግን፣ ያ በጃንሆይ ጊዜ ከአሜሪካ የመጣው፣ ሰደፉ ከመሀሉ እንጨት ጋር አንድ ወጥ ነው። ልክ እንደኛ የጅማ በርጩማ፣ ከአንድ ግንድ። በነገራችን ላይ "እግሩን ለብቻ ቀጥልልኝ" የሚለኝ ደንበኛ... ተዉት፣ ሌላ ቀን።

"ክንድህን እጠፍ" አልኩት። የዋንዛ ቁራጭ 33 ሳንቲ ላይ ምልክት አድርጌ ነበር። የኤም ዋን ከሰደፍ እስከ ምላጭ እዚያው አካባቢ ነው። ጫፉን ክርኑ እጥፋት ላይ ደገፍኩለት። የድሮ መለኪያ ነው፤ ጣትህ ምላጩ ጋ ከደረሰ ሰደፉ ልክህ ነው። ጣቱን ዘረጋ። አልደረሰም። አንገቱን አሰገገ፣ ትከሻውን ገፋ፣ እንደ ድሮው። የአንድ ጣት ውፍረት ቀረው።

ሳቅሁ። ሳቅሁ እኮ! "አየህ፣ አንተ አይደለህም፣ እንጨቱ ነው" አልኩት። የምሥራች የነገርኩት መስሎኝ።

ክንዱን አሻሸ፣ ከትከሻው ዝቅ ብሎ። ሰደፉ ትከሻው ላይ አልቀመጥ እያለ የሚያጠቁርበትን ቦታ። "ሃምሳ አለቃው በሁሉም ፊት..." ብሎ ጀመረና ተወው። ቁራጩን አቧራውን ጠርጎ አስቀመጠ። መጥረጉ ነው የገረመኝ። ሄደ።

ከ50 ዓመት በላይ የቀለደበት ነገር ነው። ቀልዱን ነው የቀማሁት ወይስ... ደግሞ ሰው ሲያረጅ ያጥራል አይደል? ክንድም ያጥራል እንዴ?

ዛሬ ጠዋት እማዬ ደወለች። "ምን ብለኸው ነው? የመጥረጊያውን እንጨት ክንዱ ላይ እየለካ ነው" አለችኝ። ስንት ሳንቲ ላይ እንደያዘው ጠየቅኳት። ዘጋችብኝ።