ሀቢየስ ኮርፐስ፦ «ያሰርከውን ሰው ይዘኸው ና»

(ጥቁር ስክሪን። የሰንሰለት ድምፅ።)

ስለ እስር የሚያወራ የእንግሊዝኛ ዜና የምትከታተሉ ከሆነ «ሀቢየስ ኮርፐስ» የሚለውን ሳትሰሙ አትቀሩም። ቃሉ ላቲን ነው። ሀቢየስ «ይኑርህ» ማለት ነው፣ ኮርፐስ ደግሞ «አካል»። ግራ ያጋባል አይደል? የማን አካል ነው ያለው?

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚጻፈው በላቲን ነበር። ሀቢየስ ኮርፐስም እንዲህ ያለ ትእዛዝ ነው፤ ስሙን ያገኘው ውስጡ ከተጻፈው ቃል ነው። ፍርድ ቤቱ «ይኑርህ» ብሎ «አንተ» የሚለው አሳሪውን ነው። ያሰርከውን ሰው ይዘህ ፊቴ ቅረብ፣ በምን ሥልጣን እንዳሰርከውም አስረዳ ይለዋል። ደብዳቤ መላክ ወይ «ደህና ነው» ማለት አይበቃም፤ ሰውየው ራሱ፣ በአካል፣ ዳኛው ፊት መቆም አለበት። እኔን ሁሌም የሚነካኝ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1679 ፓርላማው ትእዛዙን በሕግ አጠናከረው።

(የመርከብ ሥዕል። ቴምዝ ወንዝ።)

እ.ኤ.አ. 1771፣ ለንደን። ጄምስ ሶመርሴት የሚባል በባርነት የተያዘ ጥቁር ሰው ከጌታው አምልጦ ነበር፣ ግን ተያዘና ጃማይካ ወስደው ሊሸጡት በሰንሰለት አስረው መርከብ ላይ ጫኑት። ክርስትና ያነሱት ሦስት ሰዎች ፍርድ ቤት ሮጡ። ትእዛዙ ለመርከቡ ካፒቴን ደረሰ፤ ካፒቴኑም ሶመርሴትን ይዞ ቀረበ። ክርክሩ ወራት ፈጀ። ሰኔ 1772 ላይ ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ፣ ሰውን በግድ ከአገር አውጥቶ ለመሸጥ የሚፈቅድ ሕግ እንግሊዝ ውስጥ የለም ብለው ለቀቁት።

እኛ ጋ «አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ» ይባላል። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 ጀምሮ ታገኙታላችሁ፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 19 ላይ መብቱን አስፍሮታል። ልዩነቱን አያችሁት? የአማርኛው ስም የሚናገረው መጨረሻውን ነው፣ መፈታቱን። ላቲኑ ግን መጀመሪያውን ነው የያዘው፦ አምጣው፣ እንየው። ዳኛው ወንጀል ሠርቷል አልሠራም የሚለውን አይመረምርም። የሚጠይቀው አያያዙ ሕጋዊ ነው ወይ ብሎ ነው፤ ሕጋዊ ከሆነ ሰውየው ወደ እስር ቤቱ ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የታሰረው ሰው ራሱ ማመልከት ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ሆኖ ማመልከት ይችላል። ሶመርሴትም እኮ መርከቡ ላይ በሰንሰለት ታስሮ ነበር፤ ፍርድ ቤት የሄዱለት ክርስትና ያነሱት ሰዎች ናቸው።