የእንትና እናት

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ምልዓተ ጉባኤው መሙላቱን ጸሐፊያችን ከወዲያ በጣቱ ምልክት ሰጥቶኛል።

የዓመቱ ሪፖርት እጃችሁ ላይ ስላለ አላነብላችሁም። ሁላችንም ዕድሜያችንን በመንግሥት ቢሮ የጨረስን ነንና፣ ይልቅ ስለ አንድ የሥራ ባልደረባችን ላውራችሁ። ሕንዳዊ ናቸው። ሱኩማር ሴን ይባላሉ።

የተማሩት ሒሳብ ነው፤ ካልካታ፣ ከዚያ ለንደን። በ1920ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የእንግሊዞቹ የሕንድ ሲቪል ሰርቪስ ውስጥ ገቡ። በየአውራጃው ሠሩ፣ ዳኛ ሆኑ፣ የምዕራብ ቤንጋል ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በ1950 ነፃ የወጣችው ሕንድ የመጀመሪያዋ የምርጫ ዋና ኮሚሽነር አደረገቻቸው።

መራጩ ከ170 ሚሊዮን በላይ ነው። አብዛኛው ፊደል አልቆጠረም። ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ ምርጫው በ1951 ጸደይ እንዲሆን ፈልገው ነበር። ሴን ታገሡኝ አሉ። አለቃን ታገሠኝ ማለት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም።

ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የራሱ የብረት ሣጥን ተዘጋጀ፤ ሣጥኑ ላይ ምልክት። የኔህሩ ፓርቲ የኮንግረስ ምልክት ጥንድ በሬ ነበር። ገበሬው ጣቱን የማይለቅ ቀለም ይቀባል፣ ወረቀቱን በሬዎቹ ያሉበት ሣጥን ውስጥ ጣል ያደርጋል፣ አለቀ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሣጥን፣ 8,200 ቶን ብረት።

እኔን የያዘኝ ግን መዝገቡ ነው። በሰሜን ብዙ ሴቶች ለመዝጋቢው ስማቸውን አልነግርም አሉ። «የእገሌ ሚስት»፣ «የእገሌ እናት» ተብለው ተጻፉ። እኛስ ሰፈር «የማሙሽ እናት» እንጂ ስሟን የሚያውቅ ስንት ነው? ሴን ተናደዱ። ስም ካልተገኘ ይሰረዙ አሉ። ወደ 2.8 ሚሊዮን ሴት ተሰረዘ። ጩኸት ተነሣ፤ እሳቸው ግን ጩኸቱ ሴቶቹ ለሚቀጥለው ምርጫ ስማቸውን እንዲያስመዘግቡ ይጠቅማል ባይ ነበሩ። እዚህ ላይ አልስማማቸውም። ሕጉን ጠብቀዋል፤ ግን ባልየው መረጠ፣ እሷ ቤት ቀረች።

ቺኒ የምትባል የሂማላያ ወረዳ በረዶ ሳይዘጋት ኦክቶበር 25 ቀን 1951 ቀድማ መረጠች። ከዚያ ውጤቱን ለወራት ጠበቀች። በ1953 ጎረቤታችን ሱዳን የመጀመሪያ የፓርላማ ምርጫዋን ስታደርግ የምርጫ ኮሚሽኑን የመሩት እኚሁ ሰው ናቸው። የሕንዱን ምርጫ ሣጥኖችም አስቀምጠው ኖሮ በ1957ቱ የሕንድ ምርጫ አብዛኞቹ እንደገና ወጡ። ንብረት ክፍል የሠራችሁ፣ እስቲ አጨብጭቡላቸው!

የሕይወት ታሪካቸውን አልጻፉም። የሥራ ሪፖርት ግን ጽፈዋል።

ወደ አጀንዳችን እንግባ። የስም መዝገቡ ከኋላ እየዞረ ነው። አምና አንድ አባላችን «የማኅበሩ ወዳጅ» ብሎ ፈርሞ ጸሐፊያችን ሦስት ቀን ሲያፈላልግ ከርሟል። ዘንድሮ ሙሉ ስም፣ ከነአባት።