አንዱን ሲጠሩ ሁለቱም ሲመጡ፦ ከአንድ በላይ ውሻ ላላቸው የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ጎንደር ከተማ ሆነው ከደወሉ አድማጮች የመጡ ናቸው። ሁሉም ግቢያቸው ውስጥ ከአንድ በላይ ውሻ አላቸው። መልስ የሚሰጡት የእንስሳት ሐኪምና የውሻ አሰልጣኝ ናቸው።

አንዲት እናት፣ ከአዘዞ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ቦቢ የሚባል ትልቅ ውሻ አለኝ። በቅርቡ ደግሞ መቻል የሚባል ቡችላ አመጣን። ቦቢ በፊት "ተቀመጥ" ስለው እሺ ይል ነበር። አሁን አንዱን ስጠራ ሁለቱም ይመጣሉ፤ "ተቀመጥ" ስል ግን አንዱም አይሰማኝ።

መልስ፦ አብሮ ይስጥልኝ እናቴ። ቦቢ የተማረውን አልረሳም። "ተቀመጥ"ን የተማረው ብቻውን፣ ጸጥ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። አጠገቡ ቡችላ ሲዘል ነገሩ አዲስ ይሆንበታል። ስለዚህ ለየብቻ ያስተምሯቸው። አንዱን ቤት አስገብተው በሩን ይዝጉና ከሌላው ጋር 5 ደቂቃ ይሥሩ። ከዚያ ይቀያይሯቸው። ረጅም ትምህርት አያስፈልግም፤ ቡችላ ቶሎ ይሰለቻል። ቂጡ መሬት እንደነካ ወዲያው ያጉርሱት። ተነሥቶ ወደ እጅዎ ከመጣ በኋላ ከሰጡት የሚማረው መነሣትን ነው።

ሁለቱም ለየብቻ ሲችሉ ያገናኟቸው። አንዱን ትንሽ ራቅ አድርገው ይሰሩት፣ ወይም ልጅ ይያዝልዎ። ሁልጊዜ ስም ይቅደም፤ "ቦቢ፣ ተቀመጥ" ይበሉ። ቦቢ ሲቀመጥ ይስጡት። ቀጥለው ወደ መቻል ዞር ይበሉና ዝም ብሎ ስለጠበቀ እሱንም ይስጡት። ይህን አደራ እላለሁ። የጠበቀው ውሻ ምንም ካላገኘ ነገ ይጮሃል፣ ገመድ ይጎትታል፣ የጓደኛውንም ትምህርት ያበላሻል። ስሙ ሳይጠራ መጠበቅ ከሁሉም የሚከብደው ትምህርት ስለሆነ ጥሩ ጉርሻ ይገባዋል።

ቤተሰቡም በቃሉ ይስማማ። እርስዎ "ተቀመጥ"፣ ልጅዎ "ቁጭ በል" ካላችሁ ውሻው ግራ ይገባዋል። ጾም ሆኖ ቤት ውስጥ ሥጋ ከሌለ የጥፍር ያህል የተቆረጠ ደረቅ ዳቦ ወይም የተቀቀለ ካሮት ይበቃል። ወጥ የነካ እንጀራ ግን ይቅርባቸው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም።

አንድ ወጣት፣ ከማራኪ፦ ዶክተር፣ ሦስት ውሾች አሉን። ምግብ ሲቀርብ ይናከሳሉ። ትናንት ወንድሜ ሊገላግል ገብቶ አንዱ እጁን ነከሰው።

መልስ፦ ከውሾቹ በፊት ወንድምህ ይቅደም። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠበው፤ ዛሬውኑም ጤና ተቋም ይሂድ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል። ውሾቹ ካልተከተቡ አስከትቧቸው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለበት ከተማ ላይ ነው ያላችሁት፤ ሐኪም ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ የለባችሁም።

ምግቡን በሦስት ሳህን፣ በሦስት ቦታ፣ እንዳይተያዩ አድርገህ ስጥ። በልተው ሲጨርሱ ሳህኑን አንሣ። አጥንት መሃላቸው አትወርውር። ከተናከሱ እጅህን አታስገባ፤ ውኃ ድፋባቸው ወይም ትሪ አንኳኳ።

አንድ አባት፣ ከፒያሳ፦ እኛ ያደግነው ውሻ በዱላ ሲገራ እያየን ነው። ልጆቼ ደግሞ "ለውሾቹ አለቃ መሆን አለብህ" ይሉኛል። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ አባቴ፣ ሁለቱም አያዋጡም። የአለቃነቱ ወሬ በዋናነት የመጣው በአጥር ተዘግተው ከኖሩ ተኩላዎች ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው ታዋቂ ጥናት በስዊዘርላንድ ባዝል መካነ አራዊት የነበሩትን ተኩላዎች የተመለከተ ነበር። በኋላ ዱር ውስጥ ሲታዩ የተኩላ መንጋ በአብዛኛው አባት፣ እናትና ልጆች ሆኖ ተገኘ። ውሻ ደግሞ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል።

ዱላውንም እባክዎ ይተዉት። "ና" ብለው ጠርተው ከመቱት በሚቀጥለው ጊዜ አይመጣም። ሁለት ውሾች ባሉበት ቤት ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። የተመታው ውሻ ድንጋጤውን አጠገቡ ባለው ላይ ሊወጣ ይችላል፤ እርስዎ ጠብ መሃላቸው ያስገባሉ ማለት ነው።

አንዲት እህት፣ ከቀበሌ 18፦ ሌሊት ጅብ ሲጮህ አንዷ ውሻ ትጀምራለች፣ ሌላኛው ይከተላል። ጎረቤት ተማረረ።

መልስ፦ ጅብ ሲሰማ ፈጽሞ እንዳይጮህ ማድረግ አይቻልም፤ ማሳጠር ግን ይቻላል። መጀመሪያ ጀማሪዋን ያዢ። ማታ ከአጥሩ ርቃ፣ ከቤቱ ጀርባ ትደር። ቀን ላይ ጮሃ ዝም ስትል "በቃ" በያትና አጉርሻት። ቃሉን ከዝምታው ጋር ስታገናኘው "በቃ"ን ትንሽ ቀደም እያደረግሽ በይ። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስረው የሚውሉ ከሆነ ግን ጉልበታቸው ሁሉ ለሌሊት ነው የሚተርፈው። ጠዋት ጠዋት ተራ በተራ፣ አንድ አንድ እያደረግሽ አንሸራሽሪያቸው።