ያገለገለ ባጃጅ ስትገዙና ስትሸጡ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለሙያው በደብረ ብርሃን ባጃጅና ሞተር ሳይክል ይጠግናሉ። ጋራዡን ከመክፈታቸው በፊት በተሽከርካሪ ምርመራ ሥራ ላይ ቆይተዋል። ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች በስልክ ለገቡ ጥያቄዎች የሰጧቸው መልሶች እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ (ከእነዋሪ)፦ ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን መጥቼ ባጃጅ ልገዛ ነው። ደላላው ከሰዓት በኋላ ና ብሎኛል። ምን ምን ልይ?

መልስ፦ ከሰዓት በኋላ አትሂድ ወንድሜ፣ ማለዳ ሂድ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ የመታው ሞተር ምንም አይደብቅም። ስትደርስ ከሰላምታ ቀጥሎ እጅህን ሞተሩ ላይ አሳርፍ። ሞቆ ከጠበቀህ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል። ለምን እንዳስነሳው ጠይቀው፤ መልሱ ካልጣመህ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ በለው። ሲነሳ ጭሱን ተመልከት። ነጭ እንፋሎት ወጥቶ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ የብርዱ ነው፣ አያስጨንቅህ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ሰማያዊ ጭስ ማውጣቱን ካላቆመ ግን ዘይት እያቃጠለ ነው። የፒስተን ፋሻው አልቋል ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል ማለት ነው፤ ሞተር የማስከፈቻውን ወጪ ከዋጋው ላይ አስብ። ከዚያ ሦስት ሰው ጭነህ ዳገት አውጣው። ባዶውን ሜዳ ላይ የማይሮጥ ባጃጅ የለም። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ባጃጁ ወደፊት የማይል ከሆነ የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን አልቋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ሊብሬውን (የባለቤትነት ደብተሩን) ተቀበልና የሻንሲ (የአካሉን ብረት) ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ አመሳክር። ግራሶና ጭቃ ከሸፈነው በጨርቅ ጥረገው፣ በጣትህ ዳስሰው። ዙሪያው በሞረድ የተፋቀ፣ የተበየደ፣ ወይም አንዱ ቁጥር ከሌላው ጠልቆ የተመታ ከሆነ በግማሽ ዋጋም ቢሰጡህ ጥለህ ሂድ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ባጃጁን ከሸዋ ሮቢት ነው የገዛሁት። እዚያ ስሞክረው እንደ ጥይት ነበር። እዚህ ካመጣሁት በኋላ ጥቁር ያጨሳል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። ተሸውጄ ይሆን?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ለቆላው በተስተካከለበት ልክ ቤንዚን ሲያፈስ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛና ሳይቃጠል ይቀራል፤ ጥቁሩ ጭስ እሱ ነው። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ አስፈትተህ እየው፤ ደረቅ ጥላሸት ለብሶ ታገኘዋለህ። የአየር ማጣሪያውን አስጸዳ፣ ካርቡራተሩን ለደጋ አስተካክሉልኝ በል። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጉልበቱን አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ሻጩን ከመውቀስህ በፊት ይህን አድርግ። ቁጥሩን ሳታመሳክር ገዝተህ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ አመሳክር።

ጥያቄ (ከደነባ)፦ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው የሚያሳየው። ልመነው?

መልስ፦ አትመነው። የቆጣሪው ገመድ ከተነቀለ አይቆጥርም። የፍሬን ፔዳሉን ጎማና የመሪውን እጀታ እይ፤ ምን ያህል እንደሠራ እነሱ ይነግሩሃል።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ልጄ እቁብ ወጥቶለት ባጃጅ ሊገዛ ነው። ሻጩ «ስም ማዞር ወጪው ብዙ ነው፣ ውክልና ልስጥህና ሥራበት» ብሎታል። ልጄም ሰው ሁሉ የሚያደርገው እንዲህ ነው ይለኛል። ችግር አለው ወይ?

መልስ፦ አለው እናቴ፣ ትልቅ ችግር አለው። ልጅዎ አጠገብዎ ካለ ሬዲዮውን ከፍ ያድርጉለት።

ውክልና ሽያጭ አይደለም። ውክልና ማለት «ስለ እኔ ሆነህ ይህን አድርግ» የሚል ፈቃድ ነው፤ ንብረቱ የወካዩ እንደሆነ ይቆያል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ወካዩ ከሞተም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልናው ያበቃል። እንግዲህ ያስቡት። ልጅዎ የእቁቡን ገንዘብ በሙሉ ከፍሏል፣ ሊብሬው ላይ ያለው ግን የሻጩ ስም ነው። ሻጩ ቢሞት ወራሾቹ ባጃጁን ከአባታችን ንብረት ጋር ይቆጠርልን ይላሉ። ሻጩ ዕዳ ቢኖርበት አበዳሪው በሻጩ ስም የተመዘገበውን ባጃጅ በፍርድ ቤት ያሳግዳል። ከሚስቱ ጋር ቢፋታ ባጃጁ ለክፍፍል ይቀርባል። ልጅዎ ያኔ በእጁ ያለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

ጋራዤ የመጣ አንድ ልጅ ወረቀቱን ከፌስታል አውጥቶ አሳይቶኛል። ሦስት ውክልና ነው፤ አንዱ ለሌላው፣ ሌላው ለሦስተኛው የሰጡት፣ ማጠፊያው ላይ ተቀዶ በፕላስተር የተያያዘ። ሊብሬው ላይ ያለውን የመጀመሪያውን ሰው ልጁ በመልክ እንኳ አያውቀውም። ቦሎ (የዓመታዊ ምርመራውን ማረጋገጫ) ሊያሳድስ ሲሄድ ውክልናው ተሽሯል ተባለ። ባጃጁ ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀረ።

ሻጮችም ስሙኝ፣ ይህ እናንተንም ይነካል። በሕጋችን የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሌላ ሰው ሲነዳውም ቢሆን። በውክልና ያስረከብከው ባጃጅ ሰው ቢገጭ ተጎጂው በመጀመሪያ የሚፈልገው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለውን ነው፣ አንተን። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ገዢው በየዓመቱ ያድሰው አያድሰው ግን አንተ በምን ታውቃለህ? ባጃጁ ወንጀል ቢሠራበትም ፖሊስ የሚያንኳኳው ያንተን በር ነው። ሸጬዋለሁ ማለት አይበቃም፣ በወረቀት ማሳየት አለብህ።

ስለዚህ እናቴ፣ ልጅዎ እንዲህ ያድርግ። መጀመሪያ ራሱ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ባጃጁ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ያጣራ። ብዙ ባጃጅ በብድር የተገዛ ነው፤ ማስያዣነቱ ሳይነሳ የሚሸጥ አለ። ደላላው «አጣርቻለሁ» ቢለው አይቀበል። ከዚያ ከሻጩ ጋር ውልና ማስረጃ ይሂዱና የሽያጭ ውል ይፈራረሙ። ሻጩ ያገባ ከሆነ ሚስቱም ትምጣና ትፈርም፤ ካላገባ ማስረጃውን ያምጣ። ገንዘቡ በባንክ ይለፍ፣ በእጅ አይሰጥ። የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ ሊብሬው በልጅዎ ስም እስኪዞር ድረስ ይዞ እንዲቆይ ውሉ ላይ ያስጽፍ። ስም ማዞሪያው ወጪ አለው፣ እውነት ነው። ማን እንደሚከፍለው ሲደራደሩ ይነጋገሩበት፤ ተካፍለው የሚከፍሉ ብዙ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ግብሩ እንዲቀንስ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» የሚል ሻጭ ይመጣል። ውሉ ፈርሶ ገንዘብ ይመለስ ቢባል ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው። የከፈላችሁትን ጻፉ።

ጥያቄ (ከአታዬ)፦ 20,000 ብር ቀብድ ሰጥቼ ነበር። ሻጩ የበለጠ የሚከፍለው ሰው አግኝቶ ሸጠውና ገንዘብህን ውሰድ አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውላችሁ ላይ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ቀብድ የተቀበለ ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ እጥፉን ይመልሳል፤ ያንተ 40,000 ብር ነው። አንተ ብትለውጥ ኖሮ ደግሞ ቀብዱን ታጣ ነበር። በወረቀት ወይም በባንክ ከሰጠህ ማስረጃህን ይዘህ ጠበቃ አማክር። በእጅ ሰጥተህ ምስክር ከሌለህ መንገዱ ይከብድሃል። ገንዘብ በባንክ ይለፍ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ የምሸጠውን ባጃጅ ቀለም ባስቀባው ዋጋ ያወጣልኛል?

መልስ፦ አታስቀባው። አዲስ ቀለም ያየ ገዢ ግጭት ነው የሚጠረጥረው። እጠበው፣ ዘይት ቀይርለት፣ ጉድለቱን ራስህ ቀድመህ ንገረው። ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭ በሕግ ይጠየቃል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ደብረ ብርሃን ባጃጅ ልገዛ ነው። ራሴ ነድቼ ላውርደው ወይስ ላስጭነው?

መልስ፦ አስጭነው ልጄ። ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ከ1,500 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ ትናንት የገዛኸውን ባጃጅ ፍሬን ደግሞ ገና አታውቀውም። የግድ መንዳት ካለብህ ፍሬኑን መጀመሪያ አስፈትሸው፣ ሰው አትጫን። ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ውረድ፤ ፍሬኑ ሲግል እየቆምክ አብርደው። ቤንዚን ልቆጥብ ብለህ ማርሽ አውጥተህ ወይም ሞተር አጥፍተህ እንዳትወርድ። ፍሬን ሲግል አይዝም፤ ያኔ የሚይዝህ ሞተሩ ብቻ ነው፣ እሱንም አጥፍተኸዋል።

ጥያቄ (ከዓለም ከተማ)፦ የሌላ ክልል ሰሌዳ ያለው ባጃጅ በርካሽ አገኘሁ። እዚህ ልሠራበት እችላለሁ?

መልስ፦ ከመክፈልህ በፊት የከተማህን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትና የባጃጅ ማኅበሩን ጠይቅ። እነሱ ከፈቀዱ ወረቀቱን ቅድም እንዳልኩት አጣራ።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ እኔ ሴት ነኝ፣ ሞተር አላውቅም። ያገለገለ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ሊሸጡልኝ ነው። ድምፅም ጭስም የለውም፤ ታዲያ በምን ልፈትነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የእሱ ዋናው ነገር ባትሪው ነው፤ ባትሪው ካረጀ የቀረው አካል ዋጋ የለውም። ሙሉ በሙሉ ሲሞላ አብረሽ ሁኚ፣ ከዚያ ሰው ጭኖ ዳገት እየወጣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ቁጠሪ። በብርድ ጊዜ ባትሪ የሚሰጠው ይቀንሳል፣ ስለዚህ አንቺም ጠዋት ፈትኚው። ከዚህ በላይ ግን በዓይን አይታወቅም። የየባትሪውን ጉልበት በመሣሪያ የሚለካ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይዘሽ ሂጂ፣ የድካሙን ክፈይው፣ እሱ ሳያየው ቀብድ አትስጪ።