ዐቃቤ ሕግ የእኔ ጠበቃ አይደለም እንዴ?

የዛሬው የአድማጮች ጥያቄና መልስ በአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤቶችና በዐቃቤ ሕግ ሥራ ላይ ነው። ስልኩ ሲጮኽ ነው የዋለው። አራቱን መርጠን ለሕግ ባለሙያችን አቅርበናል።

«ለሰፈሬ ልጅ ብር አበድሬው ካደኝ። ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው ብለው መለሱኝ። ታዲያ ዐቃቤ ሕግ የሚቆመው ለማን ነው?»

እህቴ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ፖሊሶቹ ግን ልክ ናቸው። ብድር አለመክፈል ብቻውን ወንጀል አይደለም። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ ወንጀል ሲፈጸም በመንግሥት ስም የሚከስ እንጂ የማንም የግል ጠበቃ አይደለም። ቢዘረፉ እንኳ በዚያ መዝገብ ላይ እርስዎ የግል ተበዳይና ምስክር ነዎት፤ ከሳሹ እሱ ነው። የብድሩን ነገር ግን መክሰስ ያለብዎ ራስዎ ነዎት።

ለመሆኑ ወረቀት አለ? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ እምነት፣ ማለትም ተበዳሪው ራሱ በማመኑ፣ ወይም በመሐላ ነው ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የጓደኛ ብድር ሁሉ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ «ሲሰጡት አይተናል» የሚሉ አምስት ጎረቤቶች ቢያሰልፉም ብድሩን አያስረዱልዎትም። ልጁ ራሱ ዳኛ ፊት «አዎ፣ ወስጃለሁ» ካለ ግን አለቀ።

ቼክ ጽፎልዎት ከሆነ ደግሞ ወሬው ይቀየራል። ባንኩ በቂ ስንቅ የለውም ብሎ ከመለሰው በወንጀል ያስጠይቃል። ያኔ ዐቃቤ ሕግም አለበት።

«ወንድሜ በስርቆት ተጠርጥሮ ከተማ ፍርድ ቤት ቀረበ። አሁን ደግሞ ክሱ የሚታየው ፌደራል ነው አሉን። ሁለት ጊዜ ሊፈረድበት ነው እንዴ?»

የለም ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ላይ ስርቆትን፣ ከባድ ድብደባን፣ ግድያን የሚከሰው የፌደራል ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የሚዳኘውም ፌደራል ፍርድ ቤት። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከተማዋ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361፣ ለከተማው ፍርድ ቤት በወንጀል በኩል የሰጠው ጠበብ ያለ ሥራ ነው። ደንብ መተላለፍን ይዳኛል። በከተማው ፖሊስ ምርመራ ላይ ባሉ ጉዳዮች ደግሞ የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ፖሊስ ለምርመራ የሚጠይቀውን ተጨማሪ ቀን፣ እንዲሁም የዋስትና ጥያቄ ያያል። ወንድምዎ እዚያ የቀረበው ለዚህ ነው። ገና ክስ የሚባል ነገር የለም።

ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ማቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ከዚያ «ምስክር ይቀረኛል፣ ግብረ አበር እፈልጋለሁ» እያለ ቀን ይጠይቃል። ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። ብዙ ቤተሰብ 14 ቀን ሁልጊዜ የሚሰጥ ይመስለዋል። ጣሪያው ነው እንጂ! 5 ቀንም ሊሰጥ፣ በዋስ ሊለቅም ይችላል። ስለዚህ ወንድምዎ ችሎት ፊት አንገቱን ደፍቶ አይቁም። ፖሊስ ባለፈው ቀጠሮ ምን ሠራ ብሎ ይጠይቅ። ቋሚ አድራሻ እንዳለው ይናገር። ምርመራው ሲያልቅ መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ጋ ይሄዳል። እሱም ክስ ለመመሥረት በሥነ ሥርዓት ሕጉ 15 ቀን አለው። ማስረጃው ካላሳመነው አይከስም።

«አባታችን ካረፉ በኋላ የወራሽነት ማስረጃ ከከተማ ፍርድ ቤት አውጥተናል። አሁን ታላቃችን ቤቱን አላካፍልም አለ። እዚያው እንመለስ?»

ነፍስ ይማር። እዚያው ከተመለሳችሁ ጊዜያችሁን ትበላላችሁ። የከተማው ፍርድ ቤት የሰጣችሁ «እነ እገሌ የሟች ልጆችና ወራሾች ናቸው» የሚል ማስረጃ ነው። ቤቱ እንዴት ይከፈል የሚለው ክርክር የፌደራል ፍርድ ቤት ነው። አንድ ሽማግሌ ሰነዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ቢሮዬ መጥተው ነበር። ከላይ ያለው ወረቀት «ሥልጣን የለኝም» የሚል ውሳኔ ግልባጭ ነው። ያንን ለማግኘት ስምንት ወር ተመላልሰዋል። በነገራችን ላይ፣ ከክሱ በፊት ታላቃችሁ የሚያከብራቸውን ሽማግሌዎች ላኩበት። ቤት በፍርድ ሲከፈል ብዙ ጊዜ መጨረሻው በሐራጅ መሸጥ ነው፤ እሱም ይህን ቢያውቅ ሊለሳለስ ይችላል።

«በቀበሌ ቤት ጉዳይ መጥሪያ ደረሰኝ። ላዩ ላይ ዐቃቤ ሕግ ይላል። እኔ እኮ በዚህ ዕድሜዬ ምንም አልሰረቅኩም!»

እናቴ፣ አይደንግጡ። የከተማው ዐቃቤ ሕግ ሁለት ሥራ አለው። ደንብ የተላለፈን ይከሳል። የከተማው መሥሪያ ቤቶች በንብረትና በቤት ጉዳይ ሲከሱና ሲከሰሱ ደግሞ እነሱን ወክሎ ይከራከራል። የእርስዎ ሁለተኛው ነው፤ መዝገቡ ላይ «የፍትሐ ብሔር» የሚል ይፈልጉ።

ይልቅ መጥሪያው ላይ የጽሑፍ መልስ የሚያቀርቡበት ቀን አለ። እሱን ያስምሩበት። ከቀሩ ክርክሩ እርስዎ በሌሉበት ይቀጥላል። የኪራይ ደረሰኝና ውልዎን በሙሉ ኮፒ አድርገው ከመልሱ ጋር ያያይዙ፤ ዋናውን እጅዎ ላይ ያቆዩ። ቢፈረድብዎ እዚያው ከተማ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አለ። ይግባኙ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የፍርዱን ግልባጭ በዚያው ሳምንት ይጠይቁ።